ቦርከናን የማይሻገር መድኃኒት

ሐጂ ቃሲም የሞቱት ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሱ ነው። ማንቆርቆሪያው በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል ወድቀው ተገኙ። ወለሉ ላይ ያስመለሱት ወተት ነበረ፤ ሁለቱም ክንዶቻቸው ደም ቋጥረው በልዘዋል። ከሚሴ ውስጥ ወሬ እንደ ሰው በእግሩ አይሄድም፤ ባጃጅ ይሳፈራል። ጸሐይ ሞቅ ሳትል ከተማው «ሚስቱ መርዝ አብልታ ገደለችው» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል።

ሚስታቸው ፋኢዛ የመጀመሪያ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ከቦርከና ማዶ ያመጧት ልጅ እግር ሴት ናት። ጡት ያልጣለች ልጇን ሰሀርን አቅፋ የጓዳው በር ላይ ተኮማትራለች። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ትናንት በርበሬ ያዋሷት ጎረቤቶች ሳይቀሩ ከሩቅ እየጠቆሙ ይረግሟታል።

ነገሩን እንድትመረምር የተላከችው ኢንስፔክተር ሰዓዲያ የዚያው የከሚሴ ልጅ ናት። ሰው ሲዋሻት አትናደድም፤ መዋሸት የሰው ሥራ ነው ትላለች። ሰው ሳያስብ ሲናገር ግን ደሟ ይፈላል። የዚያን ቀን ጠዋት ደሟን ያፈላው የሟቹ የበኩር ልጅ ኢርፋን ነበር።

«እሷ ናት! ክንዳቸውን አያዩም? አንቃ ይዛ ነው የጋተቻቸው!»

«አባትህን የሚያህል ሰው፣ እሷ?»

«ተኝተው ነዋ!»

«የተኛ ሰው ማንቆርቆሪያ ይዞ ይወድቃል?»

ሰዓዲያ ጎንበስ ብላ ሬሳውን ታይ ጀመር። ከክንዳቸው ብልዝ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ ነው፤ የአንድ ሌሊት ድብደባ እንዲህ አይዥጎረጎርም። ፊታቸው ድቡልቡል፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ ነው፤ እግሮቻቸው ግን የሌላ ሰው ይመስል ቀጥነዋል። ሆዳቸው ላይ የወለደች ሴት ሆድ ላይ እንደሚታየው ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሸንተረር አለ። ቅልጥማቸው ላይ ላም የረገጠቻቸው ቁስል አልሻረም፤ ዙሪያው ቀልቷል።

«አባትህ መቼ ነው እንዲህ የወፈሩት?»

«ከተመቻቸው ቆይቷል። አልሀምዱሊላህ፣ ሰዉ ሁሉ 'አማረባቸው' ይል ነበር።»

ከሰዓት በኋላ የፋኢዛ ወንድሞች ዱላ ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። የኢርፋንም አጎቶች ዝግጁ ነበሩ። በመሀል የገቡት የደም ነገር የሚያበርዱት ሽማግሌ፣ አባጋር ሙሄ ናቸው። ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው ካስማሉ በኋላ ሰዓዲያን ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ልጄ፣ እስከ ሶደቃው፣ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ እይዛቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ቃሌ ሰው አያቆምም። ይቺ ልጅ ገዳይ ከተባለች ደግሞ ሕፃኗ ለአባቷ ወገን ትቀራለች፤ ተነጋግረውበታል።»

«ከጡቷ ላይ ነጥቀው?»

«ከጡቷ ላይ ነጥቀው።»

ሰዓዲያ ሬሳው ደሴ ሄዶ ይመርመር ስትል ኢርፋን «አባቴ አይቆረጡም» ብሎ ፎከረ፤ አባጋሩ ግን አሳመኑት።

*

ፋኢዛ ለራሷ ደህንነት ፖሊስ ጣቢያ ከነልጇ አደረች። ሰዓዲያ ስትገባ ለመነሳት ሞከረች።

«ተቀመጪ፤ አብሽሪ። ሰሞኑን ሐጂ ምን ይላቸው ነበር?»

«ጉልበቴ ከዳኝ ይላሉ። ሆዴን ይላሉ። ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል። የበሉት አይረጋላቸውም።»

«ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነው ያውቃሉ?»

«ቦርከናን ሲሻገሩ ነዋ። ከብት ሊገዙ ማዶ ሄደው ሲከርሙ ዝለው ነው የሚመለሱት። እቤት ገብተው ሁለት ቀን ሲያድሩ ይድናሉ። ሰው 'ወንዙ ይለክፋቸዋል' ይላል።»

«አሁንስ ተሻግረው ነበር?»

«ኧረ የለም። ላሟ ከረገጠቻቸው ወዲህ ከቤት አልወጡም።»

ሰዓዲያ በልቧ መዘነችው። ወንዙን ያልተሻገረ ሰው በወንዙ በሽታ ሞቷል ማለት ነው።

«ማዶ ሲሄዱ እቤት ትተውት የሚሄዱት ነገር አለ?»

ፋኢዛ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና አንገቷን ደፋች። «እሱ አይነገርም፣ እትዬ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንቺ ደግሞ መድኃኒቱን ደብቀሽ ልጅሽን ልታጪ ነው?»

ይህን ጊዜ ፋኢዛ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ተናገረች። የሐጂ ታላቅ እህት እማማ ዘምዘም ለጉልበት ሕመም የሚሰጡት የሥር ዱቄት አለ። በጨፋ ሸለቆ የማያውቀው የለም፤ በምርኩዝ የመጣ ምርኩዙን ጥሎ ይሄዳል። አይሸጥም፤ ከተሸጠ ይረክሳል። ስሙ ለሐኪም አይነሳም። ውሃም አይሻገርም። ስለዚህ ሐጂ ማዶ ሲሄዱ ዱቄቱ ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

«እስከ መጨረሻው ይወስዱ ነበር?»

«አንድም ቀን አላስተጓጎልኩም፤ በማር የምለውሰው እኔ ነኝ። ሰሞኑንማ 'መራራነቱ ለቀቀኝ' ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

«መራራነቱ ለቀቀኝ። አዲስ ከእማማ ቤት ከመጣ ወዲህ። የቆየው ሻግቷል ተብሎ ተመልሶ ተወሰደ።»

«ጎረቤት የሰማው ጠብ ምንድን ነው?»

«ሐኪም ቤት ይሂዱ እያልኩ ነዋ። ሄዱልኝ። ሐኪሟ ነዋል 'ምን ይወስዳሉ?' ብትላቸው 'ምንም' አሏት፤ በዚህ ተጣላን። በኋላ እሺ አሉኝ። ወዳጃው ላይ፣ ቤተሰቡ ለዱዓ በተቀመጠበት፣ 'መድኃኒቱን ደሴ ወስጄ አስመረምራለሁ፣ አላህ አውፍ ይበለኝ' ብለው ለሁሉም ተናገሩ።»

«ሁሉም ማን ማን ነው?»

«እኔ፣ ኢርፋን፣ እማማ ዘምዘም፣ ልጃቸው ጀሚል።»

*

ሐኪሟ ነዋል የደሴውን ውጤት ስትቀበል ሰዓዲያን በስልክ አልነገረቻትም፤ ራሷ መጣች።

«መርዝ የለም። ግን እይ፤ ከኩላሊት አናት ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት እጢዎች አሉን። የእሳቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ሳስተዋል።»

«እና እነሱ ምን ይሠራሉ?»

«ሰው ሲታመም፣ ሲቆስል፣ ሲጾም የሚያቆመውን ሆርሞን ያመነጫሉ። የደም ግፊቱ እንዳይወርድ፣ በደሙ ያለው ስኳር እንዳያልቅ። አንጎል ሥር አተር የምታክል ሌላ እጢ አለች፤ 'ጨምሩ፣ ቀንሱ' እያለች የምታዛቸው እሷ ናት። ያንን ሆርሞን የሚመስል ክኒን በየቀኑ ከውጭ ከመጣ ግን 'በቂ ነው' ብላ ዝም ትላለች። የሚያዛቸው ሲጠፋ እነሱም ይተኛሉ። ሞፈር ቀንበር ሰቅሎ በተከራየው ትራክተር እንደሚያርስ ገበሬ በይው። ትራክተሩ አንድ ቀን ቢቀር በሬው ሰንፏል።»

«ክኒኑ በድንገት ቢቋረጥ?»

«ድካም፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት። ቁስል ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ሰውየው ይወድቃል። ቀስ እየተባለ ካልተቀነሰ አደጋ ነው። ፊት መወፈሩ፣ እግር መቅጠኑ፣ ቆዳ በትንሽ ነገር መበለዙ፣ ይህ ሁሉ የክኒኑ ምልክት ነው። እኔ ግን ይህን ክኒን አላዘዝኩላቸውም።» ነዋል ወረቀቱን አጠፈች። «ጠይቄያቸው ነበር እኮ።»

ሰዓዲያ በዚያው ወደ እማማ ዘምዘም ቤት አቀናች። አሮጊቷ በወንድማቸው ሐዘን ላይ ጉንፋን ይዟቸው ያስላሉ። ሰዓዲያ እጃቸውን ስትስም አንጓቸው ላይ ያለውን ብልዝ አየች። ቀና ስትል ደግሞ ድቡልቡል ፊታቸውን አየች፤ የሟቹ ሬሳ ላይ ያየችው ፊት ነው።

«እርስዎም ይወስዱታል እንዴ፣ እማማ?»

«ባልወስደውማ መች እነሳ ነበር? መጀመሪያ የዳንኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ተይዞ ልጄ ጀሚል አዝሎ ነበር እደጅ የሚያወጣኝ።»

«ማን ያዘጋጀዋል?»

«እኔ ሥሩን ቆፍሬ አደርቃለሁ። ጀሚል ያስፈጫል፣ ይጠቀልላል፣ ለየሰዉ ያደርሳል። የኔ ልጅ የተማረ ነው፤ መድኃኒት ቤት አለው፤ ግን የእናቱን ሥር አልናቀም።»

ሰዓዲያ የደረቀውን ሥር ለምና አኘከችው፤ እንጨት እንጨት ይላል እንጂ አይመርም። ከአሮጊቷ ብልቃጥ ዱቄት ቆንጥራ ቀመሰች፤ ምላሷን ነከሳት።

«ሲፈጭ ነው ኃይሉ የሚወጣ» አሉ ዘምዘም በኩራት።

ከሟቹ ሣጥን ያመጣችውንም ዱቄት ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች። እሱን ቀድማ ቀምሳዋለች፤ አይመርም። ከሁለቱም ለምርመራ ትልካለች፤ ውጤቱ ግን ከሶደቃው በፊት አይደርስም።

ጀሚልን መድኃኒት ቤቱ አገኘችው። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ትሁት፣ ለሽማግሌ ወንበር የሚለቅ ሰው ነው።

«አጎቴ ስኳር ጀምሯቸው ነበር። ፋኢዛን ለመክሰስ አልቸኩልም፤ ግን ማታ ማታ ምን እንደምትሰጣቸው ያየ የለም።»

«የእናትህን ዱቄት አስመረምራለሁ።»

«ደስ ይለኛል። የአጎቴን ሣጥን ይውሰዱ፤ ሥር እንጂ ሌላ አያገኙበትም።»

«የእናትህንስ ብወስድ?»

ጀሚል የመደርደሪያውን መስታወት ይወለውል ጀመር። «ያው አንድ ነው» አለ።

*

የሶደቃው ቀን ግቢው ሞላ። ዳስ ሥር አባጋር ሙሄ መሀል ተቀምጠዋል፤ በአንድ ጎን የኢርፋን ወገን፣ በሌላው ከማዶ የመጡት የፋኢዛ ወንድሞች። ዱቄቱን የሚወስዱ ሰዎች ከጨፋ ሮቢት ሳይቀር መጥተዋል። ፋኢዛ ልጇን ታቅፋ በፖሊስ መሀል ተቀመጠች። ከኢርፋን አጎቶች የአንዱ ሚስት ሕፃኗን የምትጠቀልልበት አዲስ ፎጣ ይዛ መምጣቷን ሰዓዲያ አየች። ነዋል ከቦርሳዋ ጋር በሩ ላይ ቆማለች።

«ያ ጀመዓ» አለች ሰዓዲያ፣ «ሐጂ ቃሲም መርዝ አልበሉም። ሞታቸው የመጣው ከዱቄቱ ነው።»

ዳሱ ተንጫጫ። ሰዓዲያ ሥሩን ለአባጋሩ ሰጠቻቸው፤ አኘኩት።

«ይመራል?»

«አይመርም።»

«ይህስ?» ከእማማ ዘምዘም ብልቃጥ የቆነጠረችውን አቀመሰቻቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ሥር ሲፈጭ ጣዕሙ አይለወጥም። የፋብሪካ ክኒን ተቀላቅሎበታል።»

ዘምዘም ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ሱብሃነላህ! ከኔ ሥር ጋር? ማን?»

ሰዓዲያ ወደ ጀሚል ዞረች። «አንተ የመድኃኒት ሰው ነህ። ይህ ዱቄት ምን ይደረግ?»

ጀሚል ተነሳ። የደነገጠ ይመስላል፤ ድምጹ ግን የረጋ ነው። «ወፍጮ ቤት የተቀላቀለ ይሆናል። ምን እንደሆነ አይታወቅም። ያለው ሁሉ ተሰብስቦ አሁኑኑ ይቃጠል።»

«ሰማችሁ» አለች ሰዓዲያ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እማማ ዘምዘም እያሳሉ ተነሱ። ብልቃጡን ከደረታቸው አውጥተው ድስት ወደ ተጣደበት እሳት ሄዱ። ልባቸው የተሰበረ ሰው አካሄድ ነበር።

«ወንድሜን በእጄ ገደልኩት» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ፣ የሥር ይሁን የሐኪም፣ ከልጄ እጅም ቢሆን፣ መድኃኒት የሚባል በዚህ ጉሮሮ አይወርድም። ወላ...»

«አያዮ! ሂን ገቲን!» ጀሚል ሰው እየረገጠ ሮጦ እጃቸውን ያዘ። ከልጅነቱ ቋንቋ ወደ አማርኛ እየዘለለ፣ «አትጣይው እማዬ! አትማዪ! አትማዪ!»

ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ።

«ለምን አትጣለው?» አለች ሰዓዲያ። «አሁን ይቃጠል ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ትሞታለች!»

«ማን ነገረህ?»

ጀሚል የእናቱን እጅ አልለቀቀም። በበሩ በኩል የነበሩ ሰዎች ግን የየራሳቸውን ጥቅል ከኪሳቸው አውጥተው ሊጥሉ ተነሥተው ነበር። ሰዓዲያ ጮኸችባቸው።

«ማንም እንዳይጥል! እውነቱን ነው፤ በድንገት ያቋረጠ ይሞታል። አሁን ሁሉንም ስሙ።» ከነዋል የሰማችውን ለሰዉ ነገረችው፤ ስለ ሁለቱ እጢዎች፣ ስለምታዛቸው ስለ ትንሿ እጢ፣ ክኒኑ ሥራቸውን ሲቀማቸው እንዴት እንደሚተኙ። «ሐጂ ወንዙን በተሻገሩ ቁጥር የታመሙት ውሃው ለክፏቸው አይደለም። ይህ ዱቄት ውሃ አይሻገርም ስለሚባል ሣጥን ውስጥ ትተውት ስለሚሄዱ ነው። ይኸው የወንዝ በሽታ እቤታቸው ተቀምጠው፣ ዱቄቱን በየቀኑ እየዋጡ ገደላቸው። እንዴት? ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ባዶ ሥር ስለሆነ። መራራነቱ ለቀቀኝ ብለው ነበር።»

«ታዲያ እሷ ብትለውጠውስ?» አለ ኢርፋን፤ ድምጹ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም።

«ብትለውጠው ኖሮ ስለ መራራነቱ ትነግረኝ ነበር? አንተንም አስቤሃለሁ። አንተ ዱቄቱን በረካ ነው ብለህ ታምናለህ፤ አባትህን ልትገድል ብትፈልግ መርዝ ትጨምራለህ። ገዳይ ሁሉ መጨመር ነው የሚያውቀው። ይህ ገዳይ ቀነሰ። ቀንሶ መግደል እንደሚቻል የሚያውቅ፣ ክኒኑን በመጀመሪያ የጨመረው ሰው ብቻ ነው።»

ጀሚል የእናቱን እጅ እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ለእሷ ብዬ ነበር የጀመርኩት» አለ። «ስትሳብ ማየት አልቻልኩም። ስትድን በሥሬ ነው ብላ ደስ አላት። ሰው መጣ። ሰው ሲመጣ ለሌላውም ጨመርኩ። አጎቴ ደሴ አስመረምራለሁ ሲሉ... ንጹሑን ሰጠኋቸው፤ ሲመረመር ምንም እንዳይገኝ ብዬ ነው። ልገድላቸው አልነበረም።»

«የአጎትህን ስትለውጥ የእናትህን ለምን አልለወጥክም?»

ጀሚል ግንባሩን በእናቱ እጅ ላይ ደፋ። አባጋር ሙሄ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሕፃኗን ለመውሰድ የመጣችው የአጎት ሚስት ፎጣውን ነጠላዋ ሥር ደበቀች። ኢርፋን ተነሥቶ ወደ ፋኢዛ ሄደና ፊቷ ቆመ። «አውፍ በይኝ» አለ። ፋኢዛ አልመለሰችለትም፤ ልጇን ብቻ አጥብቃ ያዘች። ማንም አልፈረደባትም።

ነዋል ብዕር አውጥታ ጀሚል ፊት ተንበረከከች። ለየሰዉ ምን ያህል ክኒን እንደጨመረ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ እሱ ነው። እሱም እጁ በካቴና ታስሮ፣ እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠራ ተናገረ። ስማቸው የተጠራው ሰዎች አንድ በአንድ ያለቅሱ ነበር።

የቀሩት እማማ ዘምዘም ናቸው። ነዋል ክኒን አቀረበችላቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ።

«ወንድሜን የበላውን ነገር ልጉረስ? ወላሂ ልበልና ልረፍ።»

ማንም ሊያስገድዳቸው አልደፈረም። ፋኢዛ ልጇን ለአባጋሩ አስታቀፈቻቸውና ውሃ ይዛ ሄደች። ከሰባት ቀን በፊት ዘምዘም በሰው ፊት የረገሟት እሷን ነበር።

«ዋጪው እማማ» አለች፤ አንቱታውን የት እንደጣለችው ሳታውቅ። «አንድ ሬሳ ይበቃናል። ይቺ ልጅ ሌላ አክስት የላትም።»

አሮጊቷ ያዞሩትን ፊታቸውን ወደ ፋኢዛ መለሱ።

ፖሊሶቹ ጀሚልን ወደ መኪናው ሲወስዱት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ አልነቃነቅ አለ። ጀርባው ወደ ዳሱ ስለነበር ማየት አልቻለም።

«ኢንስፔክተር» አለ። «ዋጠችው?»

ሰዓዲያ ዞር ብላ አየች። አሮጊቷ ባዶውን ብርጭቆ ለፋኢዛ ይመልሱላት ነበር።

«ዋጠችው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጎትተው መኪናው ላይ ወጣ።